የአያ መልኬ ሚኒባስ መስታወት

እንደማታምኑኝ በታቦቱ እምላለሁ፤ ግን ስሙኝ። እኔ የጎረቤቴ የአያ መልኬ ሚኒባስ ረዳት ነኝ። መስታወቱ ዙሪያውን በጥቁር ላስቲክ ከመለበጡ የተነሳ፣ ውስጡ የገባ ዶሮ በቀትር ቆጥ ይፈልጋል። ባለፈው ሳምንት ከኮላ ድባ የጫንነውን ሰው አዘዞ አራገፍንና ለዓመታዊው ምርመራ ገባን።

መርማሪው ገና ሲያየን፣ "ውስጡ የማይታይ መኪና ቦሎ አያገኝም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ላስቲኩን ልጣችሁ ካላመጣችሁት ይቆማል" አለ።

የአያ መልኬ ፊት ከላስቲኩ ብሶ ጠቆረ። ስድስት ልጅ የሚያሳድጉት በዚያች መኪና ነው። እኔ በጥፍሬ ብፍቅ ጥፍሬ አለቀ። በጥርሴ ልሞክር ስል አንድ መሪጌታ በመንገድ ሲያልፉ አዩኝ።

"ምነው ልጄ፣ መኪና ትበላለህ?"

"የኔታ፣ ላስቲኩ አልላጥ ብሎን ነው!"

ከቦርሳቸው የብራና መፋቂያቸውን አወጡ። ዕድሜ ይስጣቸው! እንደ ፍየል ቆዳ ቀስ እያሉ፣ መስታወቱን አንዲት ጭረት ሳያስነኩ ላጡት ላጡትና የኋላው ብቻ ቀረ። መርማሪውንም እግዜር ይባርከው፤ ምሳውን ትቶ ጠበቀን።

የመጨረሻው ላስቲክ ሲነሳ ፀሐይ ውስጡን ሞላው። መርማሪው "አሁን ሸጋ፣ አልፋችኋል!" ብሎ በመስታወቱ ውስጡን ሊያይ ጎንበስ ሲል፣ ጠዋት ከኮላ ድባ የተሳፈሩ አንዲት ባልቴት ከኋላ ወንበር ነጠላቸውን እያስተካከሉ ብድግ አሉ፦

"እሰይ፣ ነጋልኝ! ወራጅ አለ!"