ሲያርፍ የሚያርፈው ኮምፒውተር

አሶሳ ውስጥ ሙቀት ያልተከሰሰበት ወንጀል የለም። ወተት ቢበላሽ ሙቀት ነው፤ ባጃጅ ቢቆም ሙቀት ነው፤ ሙሽራ ሐሳቧን ብትቀይርም ሙቀት ነው። ስለዚህ የኡስታዝ ዐወድ ኮምፒውተር በሥራ መሀል ድርቅ ማለት ሲጀምር ከተማው ምስክር ሳይሰማ ፈረደ።

ያልፈረደችው ሳና ሙዳሲር ብቻ ናት። ሳና ገበያው ጫፍ ላይ ኮምፒውተር ትጠግናለች። ሱቋ ከመጥበቡ የተነሳ ሐሳብ ለመቀየር ወደ ውጭ መውጣት ያስፈልጋል። ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሲስተም የተማረችው ኢንተርኔት ጠፍቶ በከረመበት ጊዜ ነው፤ ሌላው ሰው ስልኩን ወደ ሰማይ አንስቶ ኔትወርክ ሲለምን፣ እሷ ከሲስተሙ ጋር አብሮ የሚመጣውን መመሪያ ቁጭ ብላ አነበበችው። ሁሉንም። እስከ ዛሬ ያንን ያደረገ ሰው በዓለም ላይ ሁለተኛ ይገኛል ብዬ አላምንም።

ኡስታዝ ዐወድ ደግሞ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የበርታ ቋንቋ ቃላትን ከነአማርኛ ፍቺያቸው ሲሰበስቡ ኖረዋል። የሚጽፉት በአንድ ጣት ነው፤ በአንዱ ቃልና በሚቀጥለው መካከል በእግር ባምባሲ ደርሶ መመለስ ይቻላል። ልጃቸው ብኸይታ በዚያው ኮምፒውተር ስትጽፍ ችግር የለም። እሳቸው አስበው አስበው ፍቺውን ሲያገኙ ግን ስክሪኑ ደርቆ ይጠብቃቸዋል። ቤተሰቡ ጥፋቱን በጣታቸው ላይ ካላከከ ሰነበተ።

አንድ ቀን ኡስታዝ ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭነው ወደ ሳና ሱቅ መጡ።

«ሳና፣ አንዱን ቃል ከነፍቺው ስድስት ጊዜ በላብኝ» አሉ። «ሰባተኛ አልጽፍም። አንቺ ካልቻልሽ መዝገበ ቃላቱ እዚህ ላይ ይቀራል።»

ያመጣቸው ባለባጃጁ ምንይችል ምክር አያልቅበትም። «ሙቀት ነው ጋሽ ዐወድ! እኔ ሞተሬ ሲግል አሳርፈዋለሁ። እርስዎም ያሳርፉት።»

«አሳርፈዋለሁ እኮ! ሲሠራ ደህና ነው። ሲያርፍ ያርፋል።»

ምንይችል በሳቅ ፈረሰ። «ታዲያ ሲያርፍ ምን እንዲያደርግልዎ ነበር? እስክስታ?»

ሳና አልሳቀችም። አማርኛ ለእሷም እንደ ኡስታዝ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፤ ቃል ዝም ብሎ አያልፋትም። «ምንይችል፣ አፍህን ያዝ» አለችው። «አንዱ ማረፍ ሥራ መፍታት ነው። ሌላው መሞት ነው። ኡስታዝ የሚሉት ሥራ ሲፈታ ይሞታል ነው።»

የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን፣ መጀመሪያ ሥራ አሸከመችው። ጠዋት የጀመረ እስከ ዐሥር ሰዓት እንደ ወፍጮ እየጮኸ ዋለ፤ ሻይ ቢጣድበት ይፈላ ነበር፤ ግን አልቆመም። ሙቀት በነጻ ተለቀቀ። በማግስቱ ጊዜያዊ ማስታወሻውን፣ ራሙን፣ መረመረች፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ማንም እንዳይነካው ብላ እንደበራ ተወችው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ድርቅ አለ። የሲስተሙን መዝገብ ስታይ የመጨረሻው መስመር ተራ ወሬ ነው፤ ኮምፒውተሩ ኑዛዜ እንኳ ሳይናገር ነው የሄደው።

ለኡስታዝ እንዲህ ስትል አስረዳቻቸው፦ ፕሮሰሰር ሥራ ሲያጣ ኃይል ለመቆጠብ ያሸልባል፤ የእርስዎ ግን ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ከገባ መንቃት አይችልም። ብኸይታ ቶሎ ቶሎ ስለምትጽፍ ለመተኛት ፋታ አትሰጠውም።

«እኔ ሳስብ ይተኛል ማለት ነው?»

«አዎ፣ ኡስታዝ።»

«ተማሪዎቼም እንዲሁ ነበሩ» አሉ።

የኡስታዝ ኮምፒውተር የሚሠራበት ሊኑክስ ሲነሳ በሚያነበው መስመር ላይ አንዲት ትእዛዝ ጨመረች፤ በሰው ቋንቋ «አሸልብ፣ ግን ጭልጥ ብለህ አትተኛ» እንደማለት ናት። መብራት ትንሽ ይበላ ይሆናል። ይብላ።

ቀጥሎ ፈተናው መጣ። ሳና ኡስታዝን ወንበር ሰጥታ «አሁን ያስቡ» አለቻቸው። ያንኑ ስድስት ጊዜ የተበላባቸውን ቃል ይዘው ማሰብ ጀመሩ። አሥር ደቂቃ፤ ሃያ፤ አርባ። ወሬ ሰምቶ ሱቁ በር ላይ የተሰበሰበው ሰው ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። የኡስታዝ ራስ ቀስ ብሎ ደረታቸው ላይ ወደቀ።

«ኧረ ሳና፣» አለ ምንይችል በሹክሹክታ፣ «አሁንስ እሳቸው አረፉ!»

«ዝም በል! ያስባሉ።»

ስክሪኑ ላይ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች። ኡስታዝ ዐይናቸውን ገለጡ፣ ጣታቸውን አነሱ፣ አንድ ፊደል ነኩ። ፊደሉ ወጣ።

ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ኡስታዝ ተቆጡ። «ዝም በሉ እንጂ! ሰባተኛውን እየጻፍኩ ነው።»