የተገልባጩ ሰሌዳ ሦስተኛ ፊት

ገረመው ቀናተኛ ሰው አልነበረም የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። የሚቀናበት ሰው እስኪያገኝ ድረስ ማን ቀናተኛ ነው? እስከ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ድረስ በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝ ከእሱ የተሻለ ብሩሽ የሚይዝ አልነበረም። የሱቅ ስም ጽፏል፣ የሆቴል በር አስጊጧል፣ አብዮቱ ከመጣ በኋላ ደግሞ መፈክር በመፈክር ሆኗል። ከሁሉ አብልጦ የሚኮራው ግን ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር በቆመው የጥጥ ፋብሪካ ሰሌዳ ነው። በሰሌዳው ላይ አንዲት ሴት ቅርጫት ሙሉ ጥጥ ታቅፋ ትታያለች። ከተሠራ ዓመታት ስላለፉት ፀሐይ በልቶታል፣ የአላፊ አግዳሚውም ዓይን ለምዶታል። ገረመው ራሱ በዚያ ሲያልፍ ሰሌዳው መቆሙን እንጂ በላዩ ምን እንዳለ ማየት ከተወ ቆይቷል።

ያን ክረምት ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ከተማው ሲታጠብና ሲቀባ ከምሥራቅ ጀርመን አንድ ማሽን መጣና ልክ ከጥጥ ፋብሪካው ሰሌዳ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ተተከለ። ከላይ እስከ ታች የቆሙ ረጃጅም የቆርቆሮ ዘንጎች ጎን ለጎን ተደርድረውበታል። እያንዳንዱ ዘንግ ሦስት ጎን አለው። ሞተሩ ሲነሣ ሁሉም እኩል ይዞሩና የነበረው ሥዕል ተሰነጣጥቆ ይጠፋል፤ ሌላው ይመጣል፤ ጥቂት ቆይቶ እሱም ለሦስተኛው ቦታ ይለቃል። የቦሌ ሰው ስም ለማውጣት ጊዜ አይፈጅም፤ “ተገልባጩ” አለው። በዚያ ዘመን ስሙ የሚስማማው ለሰሌዳው ብቻ ስላልነበረ ጮክ ብሎ የሚጠራው ግን አልነበረም።

ሥራው መጀመሪያ የቀረበው ለገረመው ነበር። የሠዓሊዎቹ ማኅበር ጠርቶ ሲያማክረው ዘንጎቹን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ፣ “ሥዕል እንደ ሽንኩርት አይከተፍም። ለሚከትፍ ስጡት” ብሎ ወጣ። ማኅበሩም አልለመነውም፤ ለእሸቴ ሰጠው።

እሸቴ የገረመው ተማሪ ነበር። ዓመታት ሙሉ ቀለም በጥብጦለታል፣ መሰላል ይዞለታል፣ ንድፍ አውርዶለታል። የገረመው አሠራር ይህ ነበር፦ አንድ ጊዜ ተጠንቅቆ የሠራውን ፊት በትልቅ ወረቀት ላይ ያነሣና መስመሩን ተከትሎ በመርፌ ይበሳሳዋል። ወረቀቱ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል፤ በጨርቅ የተቋጠረ የከሰል ዱቄት መታ መታ ሲደረግበት ሥዕሉ በነጠብጣብ ይወርዳል። አንድ ጥሩ ወረቀት ስንት ሰሌዳ ያገለግላል። የከሰሉን ቋጠሮ የሚመታው ምንጊዜም እሸቴ ነበር። መፈክሩ ሥራውን ሁሉ ከያዘው ወዲህ ግን እነዚያ ወረቀቶች ቁም ሳጥን ላይ ተጠቅልለው አቧራ ይጠጣሉ።

ተገልባጩ ሥራ በጀመረበት ቀን መንገዱ ዳር ብዙ ሰው ተሰበሰበ። ሁሉም ጀርባውን ለጥጥ ፋብሪካው ሰሌዳ ሰጥቶ ወደ ማዶ ያንጋጥጣል። ገረመውም መጣና ከኋላ ቆመ። ቀድሞ ከወጣ ጆሮ ኋላ የወጣ ቀንድ ይበልጣል የሚለውን ተረት ሌላው ላይ ሲተርት ኖሯል፤ ያን ዕለት ጆሮው እሱ ነበር። መጀመሪያ ቀይ ኮከብና የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ታየ። አጨበጨቡ። ዘንጎቹ ዞሩና ለቱሪስት የሚሆን ሐይቅ ከነወፎቹ መጣ። አሁንም አጨበጨቡ። ሦስተኛው ፊት ነዶ ስንዴ የታቀፈች ገበሬ ሴት ነበረች። በዚያ ዓመት ስንዴ በብዛት የሚገኘው ሰሌዳ ላይ ነበር።

የሴቲቱ ፊት የተናኜ ነበር። ተናኜ የገረመው ሚስት ናት።

ወጣ ያለው የጉንጯ አጥንት፣ ልትስቅ ስትል እጥፍ የሚለው የከንፈሯ ጥግ፣ ከቀኙ ጥቂት አነስ ያለው የግራ ዓይኗ፣ ሁሉም አለ። ቀለሙ ደግሞ የእሸቴ ቀለም ነው፤ ነፍስ ዘርቶባታል። ይህችን ሴት ቀርቦ ያያት በዓለም ላይ አንድ ወንድ ብቻ ነው ብሎ ገረመው ያምን ነበር። ሳያጣራት ዘንጎቹ ዞሩና ሄደች። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ያዘ። ኮከቡ መጣ፣ ሐይቁ መጣ። ከዚያ ከየዘንጉ ጠርዝ ቀጭን ቀጭን ሆና ብቅ አለችና ተጋጥማ ቆመች። አልተሳሳተም።

አጠገቡ የቆመ የታክሲ ሾፌር ጓደኛውን፣ “ይቺን ሴት የሆነ ቦታ የማውቃት ይመስለኛል” አለው። ገረመው ሊያንቀው ምንም አልቀረው።

ማታ ሃያ ሁለት ማዞሪያ አጠገብ ወዳለው ቤቱ ሲገባ ተናኜ ራት አቅርባ ጠበቀችው። እንደ ልማዷ ሻሿን ወደ ኋላ ሸብ አድርጋለች፤ በልጅነቷ ጎጃም ሳለች ግንባሯ ላይ የተነቀሰችው መስቀል ወለል ብሎ ይታያል። ፀጉሯ መሸበት ጀምሯል። ገረመው እህሉን ይቆርሳል እንጂ አይወርድለትም።

“እሸቴ ሰሌዳውን ጨረሰ አሉ። አየኸው?” አለችው።

“አላየሁም።”

“እኔ ግን ሳልፍ አየዋለሁ።”

“ምን ያደርግልሻል?”

“ያሳደግነው ልጅ አይደል እንዴ፤ ደስ አይልህም?” አለችና ትሪውን አነሣች።

ያሳደግነው የሚለው ቃል ሌሊቱን ሙሉ ሲወጋው አደረ። ተናኜ ለስንት ዓመት ለሁለት ሰው የሚበቃ ምሳ ቋጥራ ወደ ሥራ ቦታ መጥታለች። ምሳው ለማን ነበር? እሱ መሰላል ላይ ሆኖ ቁልቁል ሳያይ፣ ከታች ማን ለማን እያጎረሰ ነበር? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። እንዲህ ያለ ፊት በወሬ አይሠራም፤ ተቀምጣለት መሆን አለበት። መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ጉንጯን ወደ ብርሃኑ አዘንብላ፣ ያ ልጅ ደግሞ እንዳሻው አይቷት መሆን አለበት። ከሁሉ ያንገበገበው ይህ መታየቷ ነበር። ቢጠይቃት ትነግረው ነበር። እሱ ግን የፈራው መልሷን ነው።

ሳምንቱ ሳያልቅ የአካባቢውን ቀበሌዎች የሚያስተዳድረው የከፍተኛው ጽሕፈት ቤት የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ ወደሆነው ወደ ጓድ ጀቤሳ ሄደ። ጀቤሳ ከየካ ጋራ ሥር ከገበሬ ቤት የተገኘ፣ ክፋት የሌለበት ሰው ነበር። ያን ሰሞን ግን የበዓሉ ነገር እንቅልፍ ነሥቶት በጥላውም ይደነግጣል።

“ጓድ፣ ተገልባ... አዲሱ ሰሌዳ ላይ ያለችው ሴት ሠርቶ አደር ሴት አይደለችም” አለው ገረመው።

“ታዲያ ምንድን ናት?”

“በመልኳ የምትታወቅ ሴት ናት። የሰው ሚስት።”

“የማን?”

ገረመው ዓይኑን ወደ ወለሉ ጣለ። “ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው።”

ጀቤሳ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። “የግለሰብ ፊት” አለ ቀስ ብሎ። “ለአብዮት በዓል የግለሰብ ፊት። ደግ አደረጉ ጓድ ገረመው።”

ገረመው ከቢሮው ሲወጣ ቀሎት ነበር። አውራ ጎዳናው ላይ ሲደርስ ከበደው። እሸቴን ይገሥጹታል፣ ቢበዛ ፊቱን ያስጠፉታል ብሎ ነበር ያሰበው፤ ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

እሸቴን ጠሩትና ከፍተኛው ግቢ አሳደሩት። ሴትዮዋ የማን ናት ሲሉት፣ “የማንም አይደለችም፤ ከእጄ የወጣች ናት” አለ። ደጋግመው ቢጠይቁትም ሌላ ቃል አልወጣውም። ወሬው ማኅበሩ ዘንድ ሲደርስ ገረመው ጥርሱን ነከሰ፤ ሊደብቃት ነው አለ በልቡ። በመጨረሻ ኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ሄዶ የዘመቻ ሰሌዳ እንዲጽፍ ተወሰነበት። መቼ እንደሚመለስ የነገረው የለም።

ከመሄዱ በፊት ሊሰናበት መጣ። በር ላይ ቆሞ፣ “ጋሼ፣ ልሄድ ነው” አለ።

“በሰላም ግባ” አለው ገረመው ከሚበጠብጠው ቀለም ቀና ሳይል።

ልጁ የሚናገረው ነገር ያለው መሰለ፤ ግን ተወው። “እትዬ ተናኜን ሰላም በሉልኝ” ብሎ ወጣ። በገረመው ልብ ውስጥ ለእሸቴ የቀረች እንጥፍጣፊ አዘኔታ ብትኖር በዚያች ሰላምታ ደረቀች።

ፊቱን የማጥፋቱ ሥራ የተሰጠው ለማን መሰላችሁ? ለገረመው። ሞተሩን ሦስተኛው ፊት ላይ አስቁመውለት በጠዋት መሰላሉን ወጣ። ያጣጣለው፣ ኋላም የጎመጀው ማሽን አሁን የእሱ ነው። ቀለሙን ነክሮ ከነዶው ጀመረ፤ ነዶው ምንም አላጠፋም ነበር፣ ወደ ፊቷ ለመድረስ ግን ጊዜ ያስገኝለታል።

ምሳ ሰዓት ላይ ተናኜ ሰሐኗን ቋጥራ መጣች። ከመሰላሉ ሥር ቆማ ቀና ብላ አየችና ሳቅ አለች። ገረመው ሳቋን ሲሰማ ደሙ ፈላ፤ ወርዶ ፊት ለፊቷ ቆመ።

“አታውቂያትም?” አላት።

“አውቃታለሁ እንጂ። እንዴት አላውቃትም?”

“መቼ ነው የተቀመጥሽለት?”

ተናኜ አልገባትም። ሲገባት ሰሐኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። ቁጣ ነው ብሎ ጠበቀ፤ የመጣው ግን ቁጣ አልነበረም።

“ለእሸቴ ነው የምትለኝ? አንተ ሰውዬ፣ ሻሿን እየው እስቲ።”

አየ። የሰሌዳዋ ሴት ሻሽ ግንባሯን ሸፍኖ እስከ ቅንድቧ ወርዷል።

“እኔ እንዲህ አስሬ አውቃለሁ?” አለች ተናኜ፣ ጣቷን ግንባሯ ላይ ካለው መስቀል አድርጋ። “ይህንን የደበቀው ማን ነው?”

ቅናት ፊት ያያል እንጂ ሻሽ አያይም። ገረመው አሁን ትዝ አለው። አብዮቱ እንደመጣ አንድ ካድሬ፣ ሠርቶ አደር ሴት ግንባሯ ላይ መስቀል አይኖርም ብሎ አዞት ነበር። መስቀሉን መፋቅ ጭንቅ ሲለው በወጣትነቷ የሣለውን የተናኜን ፊት ወስዶ ሻሹን ወደ ታች አወረደው፤ ወረቀቱንም እንደዚያው አድርጎ በሳሳው። ያ ሻሽ በዓለም ላይ ያለው በዚያ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። የከሰሉን ቋጠሮ ስንት ጊዜ የመታበት ደግሞ እሸቴ ነው። ልጁ ሴት ሣል ሲሉት እጁ የሚያውቀውን ብቸኛ ፊት ሣለ።

“ደግሞስ” አለች ተናኜ፣ “እሷ ሃያ ዓመቷ ነው። እኔን አስቀምጦ የሣለ ሰው ይህን ሽበት የት አደረገው? ዞር በልና ያቺንም እያት።”

ገረመው ዞረ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከራሱ ሰሌዳ ላይ፣ ጥጥ የታቀፈች ሴት ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ታየዋለች። ፀሐይ ቢበላትም ያችው ናት። የታክሲው ሾፌር የሚያውቃት ከዚያ ነበር።

“ታዲያ ሲጠይቁት ለምን አልተናገረም?” አለ።

“የጋሼ ሚስት ናት፣ ከጋሼ ወረቀት ላይ ነው ብሎ አንተን ሊያስጠራ?” አለች። ከዚያ ለራሷ እንደምትናገር ዝግ ብላ ቀጠለች። “አንተ ጥቂት ቀን ቀናህ። እኔ ስንት ዓመት በእሷ ስቀና እንደኖርሁ አታውቅም። እሷን ስትሥል አንጋጠህ ታያታለህ፤ እኔ ራት ሳቀርብልህ ቀና አትልም። እሷ አታረጅም። ደምስሳት፤ እኔ አላዝንላትም።”

ገረመው ብሩሹን እንኳ ሳያጥብ ወደ ጀቤሳ ቢሮ ገሰገሰ። ሴትዮዋ የእኔ ሚስት ናት፣ ወረቀቱም የእኔ ነው፣ የጥጡ ሰሌዳ ላይ ያለችውም ያችው ናት፣ ልጁ አላጠፋም አለ። ጀቤሳ ግንባሩን ይዞ አዳመጠው።

“መኪናው ጎህ ሲቀድ ሄዷል” አለው። “ውሳኔም ከበላይ የመጣ ነው፤ እኔ አላነሣውም። እርስዎንም እንዳልሰማሁ ልሁን። ግን የጥጡን ሰሌዳም ያጥፉት።”

ገረመው ሁለቱንም አጠፋ። የተናኜን የሃያ ዓመት ፊት ከመንገዱ ግራም ቀኝም በገዛ እጁ ደመሰሰ። በሦስተኛው ፊት ምትክ ሌላ ፊት ሊያወጣ ቢታገል እጁ ያንኑ እየመለሰ አስቸገረው። በዓሉ ሲደርስበት ሴትየዋን ከኋላዋ ሣላት፤ ነዶዋን ተሸክማ፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ወደ ማሳው ትገባለች። ጀቤሳ አይቶ በጣም ደስ አለው። ፊት ከሌላት የግለሰብ አትሆንም አለ።

በበዓሉ ዋዜማ ገረመው ተናኜን ይዟት ሄደ። ኮከቡ ዞረ፣ ሐይቁ ዞረ፣ ሴትየዋ መጣች። ተናኜ ረጅም ጊዜ አየቻት።

“አሁን እኔን መሰለች” አለች።

ገረመው ሰሌዳውን ትቶ ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ታክሲው ማቆሚያ መሄድ ጀምራ ነበርና ያየው ጀርባዋን ነው።