የረታ ዘጠና ሳጥኖች

በመሥሪያ ቤታችን የረታን ስም የማይጠራ ሰው አልነበረም። ኮምፒውተር ሲቆም ረታ፣ ማተሚያው ወረቀት ሲያጣብቅ ረታ፣ መብራት ሲጠፋም ረታ፤ እሱ ያጠፋው ይመስል። ለዘጠና ኮምፒውተር አንድ ሰው ነበር። ከደብረ ብርሃን መቀሌ ሲመደብ ሁለት ዓመት ሠርቶ ሊመለስ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. ሰባተኛው ሞላው። ሚስቱ ዳግማዊት እዚያው ደብረ ብርሃን አስተማሪ ናት። ሴት ልጃቸው የተወለደችው እሱ እዚህ እያለ ነው፣ የሚያያትም በዓመት ፈቃድ ብቻ ነው።

እኔ ነዒማ እባላለሁ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የምናገረው ስለ ረታ ቢሆንም እኔም ንጹሕ አይደለሁም፣ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

መሥሪያ ቤቱ የአንድ ፌዴራል ተቋም ቅርንጫፍ ነው፤ ስሙ ይቆየን። በ2006 ከዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ ፕሮግራም መጣና በሁሉም ኮምፒውተር ላይ ይጫን ተባለ። ፕሮግራሙ የተሠራው ለአዲስ ኮምፒውተር ነው፤ የኛዎቹ ግን ሲከፈቱ ሻይ ጠጥተህ የምትመለስባቸው ነበሩ። ረታ ይገዛልን ብሎ ሦስት ደብዳቤ ጻፈ። “ባለው ተጠቀሙ” የሚል አንድ መልስ መጣለት። ተጠቀመ። ከሠላሳ አምስቱ ሚሞሪያቸውን፣ ማለትም ውስጣቸው ተሰክታ ፍጥነት የምትሰጣቸውን ቀጭን ሰሌዳ፣ እየነቀለ በቀሩት ሃምሳ አምስቱ ላይ ጨመረ። ባዶ የቀሩትን የኮምፒውተር ሳጥኖች ደረጃ ሥር ደረደራቸው። ሥራው ቀና፣ ወረፋው አጠረ፣ አመሰግናለሁ ያለው ሰው ግን አልነበረም። እኔም አላልኩትም።

ስሕተቱ አንዲት ናት። የያኔው ሥራ አስኪያጅ “አድርገው” ያሉት በአፍ ነው። ረታ ደግሞ አለቃን በጽሑፍ ይስጡኝ ማለት ያሳፍረዋል፤ ሰውየውን ያላመነ ይመስለዋል። ሥራ አስኪያጁ በዓመቱ ተቀየሩ፣ ቃላቸውም አብሯቸው ሄደ።

በ2009 ግንቦት የረታ ዝውውር ተፈቀደ። ደብረ ብርሃን ያለው ቦታ እስከ ሰኔ ሠላሳ ይጠብቀዋል፤ እስከዚያ በአካል ቀርቦ ሪፖርት ካላደረገ ለሌላ ይሰጣል። ደብዳቤውን መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። ረታ በመስኮቴ በኩል አጎንብሶ ሁለት ጊዜ አነበበው።

የቀረው ክሊራንስ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት እጁ ላይ እንደሌለ የሚመሰክር ወረቀት። የንብረት ክፍል ኃላፊው አቶ ገብረሕይወት ክፉ ሰው አይደሉም፣ ክፋታቸው ጠንቃቃነታቸው ነው። ድሮ አንድ ሚሞሪ ተሰርቆ ስለነበር ዘጠናውንም ሳጥን አስከፍተው በእያንዳንዱ ውስጥ ያለውን ዕቃ በቁጥሩ መዝግበዋል። ረታ ለጥገና ብሎ ሁሉንም ፈርሞ የተረከበው በዚያ ዝርዝር ነው። አሁንም ዝርዝሩን አወጡ።

“ሓወይ፣ ወንድሜ ረታ፣ ሌባ ነህ አላልኩህም” አሉት። “ግን መዝገቡ እያንዳንዷ ሚሞሪ በየሳጥኗ ናት ይላል። በየሳጥኗ አሳየኝና ልፈርም።”

በቃል ታዝዤ ነው ቢላቸው አዘኑለት፤ ኀዘናቸው ግን አይፈርምም። እንግዲህ ረታ ሦስት ዓመት ያቃናውን በገዛ እጁ ሊያፈርስ ነው። ሰኔን ሙሉ ብሎን መፍቻውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ዞረ፤ ከደህናው እየነቀለ ለሙቱ ይመልሳል። በሄደበት ሁሉ ኮምፒውተሩ ወደ ድሮ ቀርፋፋነቱ ይመለስና ባለቤቱ ያኮርፋል። አንዱ በሩን ዘጋበት፣ ሌላዋ አለቀሰችበት፣ ሒሳብ ክፍሎች ለራስህ ብለህ ገደልከን አሉት። ከእያንዳንዱ ጋር ቆሞ ይከራከራል፣ ይለማመጣል፣ ከዚያ ይነቅላል። በወሩ መጨረሻ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

ሰኞ ሰኔ ሃያ ስድስት እኔ ጋ ደረሰ። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። ኮምፒውተሬ ማኅደሮቹ ባሉበት ውስጠኛ ክፍል ነው፤ የሃያ ዓመት መዝገብ ወደ እሱ እየገለበጥኩ ነበር። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ነገሩ የኮምፒውተር ብቻ አልነበረም። እሱ ከሄደ ማን ይጠግንልናል? ለምን ይሄዳል? ተናደድኩ። የክፍሉ ቁልፍ ጠፋብኝ አልኩት።

ትርፍ ቁልፍ አልነበረም። በር ለመስበር ደግሞ ኮሚቴ ተሰብስቦ ቃለ ጉባኤ መያዝ አለበት። ረታ ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን መስኮቴ ፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ረቡዕ ከሰዓት ቀና ሳይል ተናገረ።

“ትናንት ስደውል ስልኩን ልጄ አነሳችው። ‘ማን ልበል?’ አለችኝ።”

ሐሙስ ጠዋት ቁልፉ ተገኘ አልኩና ከፈትኩ። ረታ ሳጥኑን ፈታ። ከኪሱ አንዲት ሚሞሪ አውጥቶ ባዶው ቦታ ላይ ሰካ፤ ምንም አልነቀለም። የእኔ ኮምፒውተር የራሱን ሚሞሪ ለሌላ ሰጥቶ ኖሯል። እስካሁን ሲሠራ የቆየው ረታ ከደመወዙ በገዛት ሚሞሪ ነበር፣ በዝርዝሩ የለችም። የመጣው የእኔን ሊመልስልኝ ነው።

“የኔዋ እዚሁ ትቆይልሽ፣ ታፈጥንልሻለች” አለኝ።

አቶ ገብረሕይወት ዘጠናውን ሳጥን ቆጥረው ሲፈርሙ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አርብ ሰኔ ሠላሳ ሲነጋጋ በአውቶቡስ ተሳፈረ፤ ደሴ አደሩ። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ሲገባ ቢሮው ዝግ ነው። ሰኞ ጠዋት ሪፖርት ላድርግ ሲል ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል አሉት።

ሐምሌ አሥራ አንድ ተመልሶ መጣ። መሥሪያ ቤቱ በደስታ አበደ፤ እንኳን ተመለስክልን እያሉ አቀፉት። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ እንደ ድሮው አድርገው አሉት። አሁንም በአፍ ነው። ረታ ደረጃ ሥር ተንበርክኮ ሳጥኖቹን ከአንድ ብሎ መፍታት ጀመረ።

እንኳን ተመለስክ ማለት አቃተኝ። አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ።

“ረታ፣ ቁልፉ አልጠፋም ነበር” አልኩት።

“አውቃለሁ። አንገትሽ ላይ አይቼው ነበር።”

“ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም?”

ብሎኑን ፈትቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ።

“ከሃምሳ አራት ሰው ጋር ተከራክሬ ነው አንቺ ጋ የደረስኩት” አለ። “አንቺ ጋ ስደርስ ደከመኝ፣ ነዒማ።”