ውሃው ቢጎድልስ?

ሱዳን፣ ሳጃና በሚባለው ሰፈር ውስጥ የእኛ ሰዎች በተከራዩት ግቢ የነበረው ትምህርት ቤት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚፈልገው አንድ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ሁለት ሆንን። እኔ ፊዚክስ ተምሬ መጥቼ፣ ለዓመታት ለትንንሾቹ ማባዛት ሳስቆጥር የኖርኩ ነኝ። እሱ ሁሉም «ባሽሙሃንዲስ» የሚለው የመንገድ ሥራ ባለሙያ ነበር፤ ሱዳኖች መሐንዲስን የሚያከብሩት እንዲያ ብለው ነው። ስሙን አልጽፍም። ቢያነበው ራሱን ያውቃል።

ለአንድ ክፍል ሁለት አስተማሪ ሲቀርብ ሁለቱም አንድ ነገር ለወላጆች ያስረዳሉ፤ ወላጆች የገባቸውን ይመርጣሉ። አርብ ተሰበሰቡ። አብዛኞቹ ሪያድና ማንሺያ በሚባሉት የሀብታም ሰፈሮች ቪላዎች ውስጥ የሚሠሩ፣ በሳምንት ያቺን ቀን ብቻ የሚያርፉ የወሎ እናቶች ናቸው። ርዕሱን የመረጠው እሱ ነው፤ የኑክሌር ሬአክተር። የምደነግጥ መስሎት ይሆናል።

ቀድሞ ተነሳ። ድምፁ ያምራል፤ ያንን አልነፍገውም።

«ዩራኒየም ሲሰነጠቅ ኒውትሮን የምትባል ቅንጣት ይተፋል። እሷ ሌላውን ትሰነጥቃለች። ውሃው ኒውትሮኗን ያዘገያታል። ስለዚህ ውሃው ፍሬን ነው!»

አንዲት እናት እጇን አወጣች። «ባሽሙሃንዲስ፣ ውሃው ቢጎድልስ?»

«ፍሬን የበጠሰ መኪና በይው! መሰነጣጠቁ ይብስበታል።»

ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ። እንዲህ ያለ ስጦታ በየቀኑ አይገኝም።

«እህቶቼ፣» አልኩ ተራዬ ሲደርስ፣ «መንገድ ዳር ቆማችሁ የምትሳፈሩት የትኛውን ባለ ሦስት እግር ራክሻ ነው? የሚበረውን ወይስ ቀስ የሚለውን?»

«ቀስ የሚለውን ነዋ! የሚበረው መች ያየናል፣ ወላሂ!»

«ዩራኒየምም እንደናንተ ነው። የምትበረዋ ኒውትሮን አጠገቡ ሽው ብላ ታልፈዋለች። የዘገየችዋን ይይዛታል፤ ይሰነጠቃልም። ውሃው ሲጎድል የሚያዘገያት ስለሌለ መሰነጣጠቁ ይቆማል። የተረፈው ሙቀት ሌላ ጣጣ አለው። ፍሬኑ ግን ኒውትሮን የሚውጡት ዘንጎች ናቸው።»

ከተማሪዎች የቀማኋቸውን ሁለት ብዮች አወጣሁ። ብይ እኩያውን ሲመታ መቺው ቆመ። ድንጋይ ሲመታ ነጥሮ ተመለሰ። በውሃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን የኒውትሮን እኩያ ስለሆነ ፍጥነቷን እንደሚወስድባት ነገርኳቸው።

«እትዬ፣» አለ ባሽሙሃንዲስ ፈገግ ብሎ፣ «የራክሻ ወሬ ሳይንስ ነው?»

«አይደለም፤ ሳይንሱን እርስዎ ጨርሰውታል።»

እናቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። የወላጆች ሰብሳቢው ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወንድ ነው፤ ትልልቆቹ ልጆች ይፈሩታል። ክፍሉን እሱ ይያዝ፣ እርስዎ ያግዙት።»

ስለ ውሃው የጠየቀችው እናት ተነሳች። «ልጄን የምልከው እንዲፈራ ነው እንዴ? ያላ፣ እጅ እናውጣ!»

እጅ ወጣ፤ የሚበዛው ለእኔ። ክፍሉ የእኔ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሳጃና ካፌዎች ውስጥ «አክብሬ ለቀቅኩላት» እያለ ያወራ ነበር። አለቀቀም። እሑድ ጠዋት በእጁ የነበረውን የክፍሉን ቁልፍ ሲያቀብለኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።