ሥሩ ወደ ታች

የመጀመሪያ ቤቴን የሠራሁት በጃንሆይ ዘመን፣ ከአርብ ገበያ ወጣ ብላ ባለች መንደር ነው። ሠራሁት ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ የሠሩት አንድ ሽማግሌ ቤት ሠሪ ናቸው። እኔ ጭቃ ረገጥኩ፣ ጭድ ተሸከምኩ፣ ተሰደብኩ። በመንደራችን የእሳቸው እጅ ያላረፈበት ቤት ስላልነበረ ስለ ቤት የሚሉትን ማንም አይከራከራቸውም።

ሽማግሌው ስለ ቤት ሲያወሩ ስለ ሰው የሚያወሩ ይመስላሉ። ቤት የቆመ ሰው ነው ይሉ ነበር፤ እግሩ መሬት፣ ራሱ ክዳኑ፣ አከርካሪው ምሰሶው። ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው ከባለቤቱ አካል ነው። የቤቱን ክብ መሬት ላይ የምናሰምርበትን ገመድ በእኔ ክንድ ለኩት። ለምን በእርስዎ አይሆንም ብላቸው "በእኔ ክንድማ ከተለካ እኔው ልገባበት ነው" ብለው ሳቁብኝ። በሩን ወደ ምሥራቅ፣ ጋጣውን ከበሩ አጠገብ፣ ጓዳውን ከሁሉ በስተጀርባ አደረጉ። ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ እንዳላት ሁሉ፣ የሰው ቤትም እንግዳ የማያልፈው ቦታ ያስፈልገዋል ባይ ነበሩ። ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። በዓለም ላይ ያለ ምክንያት የተደረገ ነገር የሌለ ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ የጠበቀው ሕጋቸው የምሰሶው ነበር። እንጨት የሚተከለው እንደበቀለው ነው፤ ሥር የነበረው ወደ ታች፣ ጫፍ የነበረው ወደ ላይ። ተገልብጦ ከቆመ ግን ወደ ላይ ይወጣ የነበረው ሁሉ ወደ አፈር ይመለሳል፤ በዚያ ቤት የተወለደ ልጅም አይጸናም። ይህን ሲነግሩን እኔና ባለቤቴ ጎን ለጎን ቆመን ነበር። ሁለታችንም አመንን።

ምሰሶው ከባለቤቴ አባት ቤት የመጣ ወይራ ነው። አባቷ ሞተው ቤቱ ሲፈርስ እናቷ "ይኼስ የልጄ ነው" ብለው ሰጧት፤ ጎረቤቱ ተጋግዞ በትከሻው አመጣልን። ክረምቱን ግቢያችን ውስጥ ተጋድሞ ከረመ። ከዚያ ሽማግሌው ሁለቱንም ጫፍ ቆረጡና ዙሪያውን ጠርበው እኩል አድርገው ተከሉት። አምሮ ነበር። ከድሮው የቀረበት አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ አባቷ አለንጋቸውን የሚሰቅሉበት ችካል የነበረበት።

የመጀመሪያ ልጃችን ወንድ ነበር። ክርስትና ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ሰው ሊያጽናናን ሲመጣ "ያለ ነው፣ በማን ያልደረሰ" ይለን ነበር። እውነት ነው፣ ያለ ነበር። እኔ ግን ያን ቃል እስከ ዛሬ አልወደውም።

ባለቤቴ እንደገና ስታረግዝ ምሰሶውን ማየት ጀመረች። አንድ ቀን ገብስ እየፈተገች ሳለ ድንገት ዘነዘናውን አቆመች።

"ቀዳዳው ከራሴ በላይ ነበር" አለችኝ። "አባባ አለንጋቸውን ሲሰቅሉ ብንጠራራም አልደርስበትም ነበር። አሁን ይዩት፣ ደረቴ ጋ ነው። ምሰሶው ተገልብጧል።"

"ያኔ እኮ ልጅ ነበርሽ" አልኳት። "ለልጅ ይኼም ከራስ በላይ ነው።"

"እሱስ ይሁን። ካልሆነስ?"

ተነሥቼ ወደ ሽማግሌው ሄድኩ።

"አያ፣ ምሰሶዬን በየት በኩል ተከሉት?"

"በሥሩ ነዋ! በየት ልተክለው ኖሯል?"

"በምን አወቁት?"

"በወፍራሙ..." ብለው ጀመሩና ቆሙ። እኩል አድርገው የጠረቡት ራሳቸው ናቸው። "አንተ ልጅ፣ ስንቱን ቤት ላስታውስ? እጄ አይሳሳትም ብዬ ነው እንጂ..." ሌላ ጊዜ ቢሆን እሳቸው ቃል ሲያጥራቸው በማየቴ ደስ ይለኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን ደኅና ይዋሉ እንኳ ሳልላቸው ወጣሁ።

ወደ አማቴ ሄድኩ። የፈረሰው ቤታቸው ቦታ ላይ ጎመን ተተክሎበታል። መሀል ገብተው እጃቸውን አነሡና "እዚህ ላይ ነበር" አሉ። ትንሽ ከፍ አደረጉት። መልሰው ዝቅ አደረጉት። መሬቱ ተቆፍሮ ተገለባብጦ፣ ወለሉ የቱ ጋ እንደነበረ እንኳ አይታወቅም። እጃቸው እንደተነሣ ስለ ባላቸው ማልቀስ ጀመሩ። እኔም ለራሴ ጉዳይ ሄጄ የሴትዮዋን ሐዘን ቀስቅሼ ተመለስኩ።

የንስሐ አባታችን ጉዳዩን ሲሰሙ ተቆጡ። "ነፍስ የሚሰጥና የሚነሣ እንጨት ከሆነ እኛ ምን ልንሠራ እንቀድሳለን?" አሉን። ጸልዩ አሉን፤ ጸለይን። ባለቤቴ እመቤታችንን እየለመነች ዓይኗ ግን ምሰሶው ላይ ነበር።

ክረምቱ እንደወጣ ቤቱን አፈረስኩት። ደቦ የጠራኋቸው ጎረቤቶቼ አብዷል ሳይሉኝ አልቀሩም፤ ደኅና ቤት ለማፍረስ ሰው ሲጠራ አይተው አያውቁም። ሣሩን አወረድን፣ ጣሪያውን ፈታን። ምሰሶው ከጉድጓዱ ሲወጣ ተንበርክኬ ጫፉን ፈተሽኩ፤ አንድ ምልክት፣ አንድ የሥር ጠባሳ ባገኝ ብዬ። ምንም የለውም። ወይራ ነው፣ በቃ። ልክ የነበረውን እየገለበጥኩ ይሁን የተገለበጠውን እያቃናሁ ሳላውቅ "አዙሩት" አልኳቸው። ባለቤቴ አጥሩ ጋ ቆማ በእጆቿ ሆዷን ይዛ ታይ ነበር። ሲቆም ፈገግ አለች።

ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ጸናች። ሳቀች፣ ተቀመጠች፣ መደቡን ይዛ መቆም ለመደች። እኔም ቀስ በቀስ ፍርሃቴ ለቀቀኝ፤ ከእርሻ ስመለስ ገና ከበሩ ሳልደርስ እጣራት ነበር። በቀጣዩ ክረምት ሳል ያዛት። ሐኪም የሚባል ሩቅ ነው፣ ወንዙ ሞልቷል። በጸበል፣ በማር፣ በቅቤ፣ በሰማነው ሁሉ ሞከርን። እቅፌ ውስጥ ትንፋሿ ሲያጥር እያየሁ እኔ ቤት አፍርሼ ምሰሶ ያስገለበጥኩ ሰውዬ ምንም ላደርግላት አልቻልኩም።

ከቀብር በኋላ ባለቤቴ ምግብ አልቀምስ አለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ድንኳን ተቀምጦ የነበረው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ መደቡ ላይ እንደተቀመጠች ተናገረች።

"ቀድሞውን ልክ ነበር ማለት ነው። ያስገለበጥኩት እኔ ነኝ። ልጄን የበላኋት እኔ ነኝ።"

አይደለም አልኳት። እንጨት ነው አልኳት። አልሰማችኝም፤ እንዴትስ ትስማኝ፣ ሕጉን አምኜ ቤት ያፈረስኩት እኔው አይደለሁ? እንዲህ ስትቃጠል ማየት ስላልቻልኩ ዋሸኋት። ሽማግሌው ትዝ ብሏቸው ነገሩኝ አልኳት። ፊት ተሳስተው ነበር፣ አሁን ነው ልክ የሆነው፣ ሥሩ ወደ ታች ነው፤ ያስገለበጥሽው ደግ አደረግሽ አልኳት።

ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ። አመነችኝ። ትከሻዋ ሲላላ አየሁ፤ እኔም እፎይ አልኩ።

ከዚያ ቀና ብላ "ታዲያ ልጄ ለምን ሞተች?" አለችኝ።