ባዶው ወንበርና የኮረብታው መንገድ

ሎርና ቲቦዶ ስትናደድ ትጮሃለች፤ ስትደሰትም ያው ነው። በዚያ ማክሰኞ የቱ እንደያዛት ግን ራሷም አታውቅም። ከንጋት ጀምሮ በረዶው ይወርዳል። የአሜሪካዋ የሜን ግዛት ሰው ያለ ሴናተር መክረም ይችላል፣ ያለ በረዶ ጠራጊ ግን ከደጁ አይወጣም፤ የከተማዋን ጠራጊ መኪና የምትነዳው ደግሞ እሷ ናት።

የወረዳው ሴናተር ከሞቱ ወዲህ ወንበራቸው ባዶ ነው። በዚህ የተነሳ፣ የኢንሹራንስ ድርጅቶች «በሽተኛ ነህ» ብለው ሰው እንዳይመልሱ የሚከለክለው ሕግ አንድ ድምፅ ጎድሎት ተንጠልጥሏል። የሎርናን ባል፣ የልብ ሕመምተኛውን አርማንድን፣ ያልመለሰው ድርጅት የለም። ቤታቸውን ቢሸጡት እንኳ ለቀዶ ሕክምናው አይበቃም። ዛሬ በማሟያ ምርጫው ሕጉን የምትደግፈው ነርስ ከተመረጠች ሕጉ ያልፋል።

ችግሩ የኮረብታው መንገድ ነው። እዚያ የሚኖሩት፣ ከሽማግሌው ከአቶ ኤቨረት ጀምሮ፣ ክፍያችንን ያንረዋል ብለው ሕጉን እንደ ጦር ይፈሩታል፤ መንገዳቸው ከተጠረገ ወርደው ነርሷን የሚቃወም ድምፅ ይሰጣሉ።

«አንቺዬ፣ ኮረብታውን መጨረሻ አድርጊዋ!» አለቻት ጓደኛዋ ዳርሊን ከቢሮው በሬዲዮ። «በዚህ በረዶ ማን ይጠይቅሻል?»

«ዝም በይ፣ አንቺ ሰይጣን!» ሎርና ሳቀች። መገንጠያው ላይ ስትደርስ ቆመች። አርማንድ ደረጃ ሲወጣ እንዴት እንደሚያለከልክ ትዝ አላት። ቢሆንም የሰው መንገድ ዘግቶ ማሸነፍ አስጠላት።

«ምን ዓይነት ጅል ነኝ!» ብላ ጮኸችና መሪውን ወደ ኮረብታው አዞረች።

ስትመለስ መኪኖች ተሰልፈው ተከትለዋታል። አቶ ኤቨረት ከጎኗ ደርሰው መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሎርና፣ ለገዛ ሽንፈትሽ መንገድ ጠረግሽ!»

«ይንዱ ዝም ብለው! ቦይ ውስጥ ቢገቡ ጎትቼ የማወጣዎት እኔው ነኝ!»

ምሽት ላይ በከተማው አዳራሽ የወረዳው ውጤት ተነበበ፤ ነርሷ በአሥራ አንድ ድምፅ ብልጫ አሸነፈች! ሎርና ዳርሊንን ብድግ አድርጋ አዞረቻት። አቶ ኤቨረት ሲያጉረመርሙ ቆይተው፣ «ለአርማንድ ደስ ብሎኛል፤ ለሕጉ ግን አይደለም» አሏት።

ወዲያው ቤት ደወለች። «አርማንድ! አሸነፍን! ወንበሩ ሞላ!»

«ኮረብታውንስ ጠረግሽው?»

«በሰዓቱ!»

«አይ አንቺ! እኔ እኮ ‹አምላኬ፣ ዛሬ እንኳ አስረሳት› እያልኩ ስጸልይ ነው የዋልኩት።»

ሎርና በሳቅ ፈነዳች። አርማንድ ግን አልሳቀም።

«እና አልሞትም ማለት ነው?» አላት።