ነጩ አጣና

ትናንት ልጄ ለባዮሎጂ ፈተና ስታጠና ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «እንጨትን የሚያደነድነው ሊግኒን የሚባል ነገር ነው። እሱን የሚበላ ሻጋታ አለ፤ ሲበላው እንጨቱ ይነጣል፣ ይለሰልሳል።» የምለቅመው ምስር ከነሰፌዱ ከጭኔ ወደቀ። ከስንት ዓመት በፊት ያነሳሁት አጣና ትዝ አለኝ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ከጓደኛዬ ከዘነቡ ጋር የቀን ሠራተኛ ነበርን። ክረምት ላይ የዚያ ሰፈር ጥቁር ጭቃ ጫማ ያስቀራል፤ እኔም አንድ እግሩን ትቼለት ባዶ እግሬን ቃሊቲ ድረስ ወደ ቤቴ ሄጃለሁ። ግድግዳ የሚለሰነው የባህር ዛፍ አጣና እየታሰረ፣ በላዩ እየተቆመ ነበር። አናጢው ጋሽ ታደሰ እያንዳንዱን አጣና በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርገው ድምፁን ሳይሰሙ አያስሩም። እኛ እንስቅባቸዋለን። በዚያ ዕድሜ ጥንቃቄ ሁሉ ያስቃል።

አንድ ቀን ጋሽ ታደሰ ለቅሶ ሄዱ። ረዳታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ መቆሚያ ሲያስር አንድ አጣና ጎደለው።

«አንቺ፣ ደህናውን መርጠሽ አቀብዪኝ!»

ዝናብ ሲመታው ከከረመው ክምር ጥቋቁሮቹን ትቼ ነጩን መረጥኩ። አዲስ የተላጠ መስሎኝ ነው። ሳነሳው ቀለለኝ፤ ደስ አለኝ እንጂ አልጠረጠርኩም።

ዘነቡ በላዩ ቆማ የተቦካ ሲሚንቶ ታቀብል ጀመር። እኔ ከዚያው ክምር ሌላ ነጭ አጣና ላነሳ ስይዝ አውራ ጣቴ ሰመጠ። ሻይ የነካው ዳቦ ነው የሚመስለው። ቀና ብዬ አየኋት፤ የቆመችው እኔ በመረጥኩት ነጭ አጣና ላይ ነው። ብጮህ ትደነግጣለች፣ ከደነገጠች ደግሞ አለቀላት።

«ዘኒ! ፓስቲ መጥቷል፣ ሳያልቅ ውረጂ!»

«በዚህ ሰዓት? አንቺ ሆዳም!»

«ትኩስ ነው። ቀስ ብለሽ ውረጂ በናትሽ።»

እየሳቀች ባልዲውን አስቀመጠች፤ በመስኮቱ ገባች። የኋላ እግሯን ስታነሳ አጣናው ታጠፈ። ቋ እንኳ አላለም። ባልዲው መጥቶ እግሬ ሥር ጭቃው ላይ ተከሰከሰ።

ዘነቡ ደረጃውን በሩጫ ወርዳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «አንቺ ባትኖሪ ሞቼ ነበር!» እያለች ታለቅሳለች። አጣናውን ማን እንደመረጠው አልጠየቀችም። እኔም አልነገርኳት።

ዛሬ የልጄ የክርስትና እናት ናት። በየድግሱ እንዴት እንዳዳንኳት ታወራለች፤ እኔ ያኔ ወጥ ላማስል ወደ ጓዳ እገባለሁ። ሰው ሲያመሰግነኝ እንደዚያ የምፈራው በእሷ ፊት ብቻ ነው።

ልጄ መጽሐፉን አጠፈች። «እማ፣ እትዬ ዘነቡ የቆመችበት አጣና እንደዚህ ሆኖ ነው? ማን ነበር ግን የመረጠው?»

መሬት ላይ የተበተነውን ምስር መልቀም ጀመርኩ። እሑድ ዘነቡ ለምሳ ትመጣለች።